ጠገራ፣ የምኒልክ ብርና ደረጃ የወጣላቸው ሳንቲሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳንቲም ሰብሳቢ መሆንዎ ከታወቀ በሠርግም በለቅሶም አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «እቤት አንድ አሮጌ ብር ነበረኝ» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ከአያቴ ሳጥን ውስጥ 1780 የሚል ማርትሬዛ አገኘሁ። ከ240 ዓመት በላይ የቆየ ብር ነው። ሀብታም ሆንኩ ማለት ነው?

አልሆኑም። ይህን መልስ ስሰጥ የሰው ፊት ሲለወጥ ማየት እስከ ዛሬ ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው። የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 መጨረሻ ላይ ነው። በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ገበያ ግን የእሳቸውን መልክ ካላየ ሌላ ብር አልቀበልም አለ። ስለዚህ ማተሚያ ቤቶች ዓመቱን ሳይለውጡ መቅረጻቸውን ቀጠሉ፤ በቪየና፣ በፕራግ፣ በሚላን፣ በቬኒስ፣ ኋላም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይ ጭምር። ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 የመቅረጫ ማኅተሙን ከኦስትሪያ ወስዳ ሮማ ላይ ማስቀረጽ ጀመረች፤ ወራሪው ራሱ ያለዚህ ብር በአገሩ ውስጥ መገበያየት እንደማይችል ያውቅ ነበር። የቪየናው ማተሚያ ቤት ዛሬም 1780 ብሎ ይቀርጻል።

ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዓመት የተቀረጸበት ዓመት ላይሆን ይችላል። በእጅዎ ያለው ብር 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም፣ በዓለም ገበያ አቆጣጠር የአንድ ትሮይ አውንስ ሦስት አራተኛ ነው። የአንድ አውንስ ንጹሕ ብርን የዕለቱን ዋጋ በ0.75 ያባዙት፤ ለአብዛኛው ጠገራ (ማርትሬዛን የምንጠራበት ሌላ ስሙ ነው) ዋጋው እዚያው አካባቢ ነው። ከብሩ ዋጋ በላይ የሚያወጡት ቀደም ብለው የተቀረጹትና ጥቂት ልዩ ማኅተም ያላቸው ናቸው። እነሱን መለየት ደግሞ የዘውዱን፣ የንስሩን ጭራና የደረት ጌጡን ዕንቁዎች እየቆጠሩ ከመዝገብ ጋር ማመሳከር ነው። የኛም አያቶች ዕንቁዎቹን ቆጥረው፣ ጥርት ብለው ካልታዩ ብሩን ይመልሱ ነበር ይባላል። ሰብሳቢ ባይባሉም የሰብሳቢ ዓይን ነበራቸው።

የምኒልክ ብርስ?

እዚህ ላይ ወንበርዎን ሳብ አድርገው ይቀመጡ። ዐፄ ምኒልክ ፓሪስ ላይ ያስቀረጹት ብር የመጀመሪያው ዓመት ፲፰፻፹፯ ነው፤ 1887 ዓ.ም.፣ ማለትም ከዐድዋ አንድ ዓመት ቀድሞ። ክብደቱ 28 ግራም ጥቂት አለፍ ይላል። ይህም የታሰበበት ነው፤ ገበያው የለመደው ጠገራ ስለሆነ አዲሱ ብር እኩል ካልመዘነ ማንም አይነካውም ነበር። እንዲያም ሆኖ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ጠገራ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1937 ዓ.ም. ነው፤ በሐምሌ ወር አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ።

ብሩን ከጠርዙ ይዘው በመስኮት ብርሃን ቀስ እያደረጉ ያዙሩት። በአንደኛው ፊት ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሑፍና ሰንደቅ የያዘው አንበሳ አሉ። ብዙ ሰው የማያየው ጠርዙን ነው፤ ዙሪያውን «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» ተብሎ ተጽፎበታል። ቀጥሎ አንበሳውን ይዩት። በቀደሙት ዓመታት የተነሣው እግሩ ግራው ነው፤ በኋለኞቹ ቀኙ። ሁለቱን ማወቅ ዓመቱ የደበዘዘ ብር ሲገጥም ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የ1887 ብር ቁጥሩ ከኋለኞቹ እጅግ ያነሰ ነው፤ ተፈላጊነቱም እንደዚያው። ከብሩ በታች ያሉትን አላድ፣ ሩብና ተሙን፣ ግርሽ፣ ከመዳብ የተሠራችውንም ቤሳ አይናቋቸው። ትናንሾቹ ሳንቲሞች ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ስለዞሩ ያልተነካ ማግኘት ከትልቁ ብር ይልቅ ይከብዳል። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የምንለው ሰዎች፣ ያልዞረች ቤሳ ብትኖረን ጥሩ ገንዘብ ነበረን።

«ደረጃ የወጣለት» ሲባል ምን ማለት ነው?

አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ትልልቆቹን የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ለመመዘን ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ 70 የተሰጠው ሳንቲም 1 ከተሰጠው 70 ጊዜ ይበልጣል። ዋጋው እንደ ሐሳቡ አልሄደም፤ መለኪያው ግን ቀረ። ዛሬ 1 ማለት ምን ዓይነት ሳንቲም እንደሆነ ብቻ የሚለይ ልሙጥ ብረት ነው። ከ60 በታች ያለው በእጅ የዞረ፣ 60ና ከዚያ በላይ ያለው ያልዞረ ነው። በ60 እና በ70 መካከል ያለው ልዩነት የሚለካው ከረጢት ውስጥ እርስ በርስ ሲጋጩ በተፈጠረ ጭረት፣ በአቀራረጹ ጥራትና በማብረቅረቁ ነው።

ቀድሞ ደረጃውን የሚናገረው ሻጩ ራሱ ነበር። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ እንዲሉ፣ ሲሸጥ 65 ያለውን ሲገዛ 62 ይለዋል። ይህን ለማስቀረት ነው ደረጃ አውጪዎቹ የአሜሪካ ድርጅቶች፣ ፒሲጂኤስ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ኤንጂሲ በ1987 የተቋቋሙት። ሳንቲሙን ተቀብለው እውነተኛነቱን ይመረምራሉ፣ ቁጥር ይሰጡታል፣ ቢከፈት በሚያስታውቅ ጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። መለያ ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ አስገብተው ሳንቲሙን ከፎቶግራፉ ጋር ማመሳከር ይቻላል፤ ያመሳክሩም፣ ምክንያቱም ዛሬ ማሸጊያውም ጭምር በሐሰት ይሠራል። እኔ መጀመሪያ የማየው ሳንቲሙን፣ ቀጥሎ የሳንቲሙን ፎቶግራፍ፣ ቁጥሩን መጨረሻ ነው።

አንድ ነገር ግን ይለዩ። ደረጃው የባለሙያ አስተያየት እንጂ የዋጋ ዋስትና አይደለም። ያንኑ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ልከው ሁለት የተለያየ ቁጥር ያገኙ ብዙዎች ናቸው።

ብሩ ጠቁሯል። ላጽዳው?

አይንኩት።

ይህን የምለው ከፍዬበት ነው። የእናቴ አክስት ከሰጡኝ ጥቂት ብሮች አንዱ የ1889 የምኒልክ ብር ነበር፤ ጠርዙ ላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ መሐሉ ላይ እንደ ሻይ የጠየመ። በበዓል ዋዜማ፣ የቤቱ የብር ዕቃ ሁሉ ሲወለወል፣ እኔም ብሩን ወስጄ በሎሚና በአመድ አሸሁት። እንደ መስተዋት አበራ፤ አክስቴም መረቁኝ። ከዓመታት በኋላ ለደረጃ ስልከው ቁጥር አላገኘም። ታሽጎ የመጣው «የተጠረገ» የሚል ቃል ተጽፎበት ነው። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሳየው ገባኝ፤ የንጉሡ ጉንጭና ከፊታቸው ያለው ባዶ ሜዳ እንደ ታረሰ ማሳ በትልም ተሞልቷል። ያ ጠይም ቀለም ብሩ በመቶ ዓመት ውስጥ ራሱ ያበቀለው ቆዳ ነበር፤ ገፍፌ ጣልኩት። ቆዳው ተመልሶ ቢያድግ እንኳ ትልሙ አይጠፋም።

መታጠብ የሚያስፈልገው እንደ ንፍጥ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር የያዘ ሳንቲም ብቻ ነው። ይህ ከርካሽ ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ የሚወጣ ነው፤ ከቆየ ብረቱን ይበላል። ንጹሕ አሴቶን ያወጣዋል። ሳይፈትጉ፣ ነክሮ ማውጣት ብቻ፤ መስኮት ከፍተው፣ ከእሳት ርቀው።

የአንገት ጌጥ የነበረ፣ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ብር ደረጃ ያገኛል?

ቁጥር አያገኝም። ግን ማንጠልጠያውን ነቅለው፣ ቀዳዳውን ደፍነው አያበላሹት። ሙሉ ጌጡ እንደ ጌጥ ከብሩ ክብደት የበለጠ ሊያወጣ ይችላል፤ ደግሞም የሰው አንገት ታሪክ አለው።

ሐሰተኛውን እቤቴ መለየት እችላለሁ?

አብዛኛውን፣ አዎ። ማግኔት ከሳበው ነገሩ አለቀ። ካልሳበው ገና አላለቀም፤ መዳብና ናስም አይሳቡም። እኔ የምተማመነው በውኃው ሙከራ ነው።

እስከ መቶኛ ግራም የሚያነብ ትንሽ የወርቅ ሚዛን ያስፈልጋል። ብሩን ይመዝኑና ቁጥሩን ይጻፉ። ቀጥለው ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት። አሁን ብሩን በቀጭን ክር አስረው፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ውኃው ውስጥ ያንጠልጥሉት። ክሩን በእጅዎ እንደያዙ ሚዛኑን ያንብቡ። 28.07 ግራም የሚመዝን እውነተኛ ጠገራ ከሆነ 2.75 አካባቢ ያሳያል። ከ3.1 በላይ ካሳየ በብር የተለበጠ መዳብ ወይም ናስ ነው፤ 2.5 አካባቢ ከወረደ እርሳስ ይጠርጥሩ። ብሩ ያለቀ ወይም የተበላ ከሆነ የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው ያካፍሉት፤ 10.2 አካባቢ መምጣት አለበት። ለምኒልክ ብርም ያው ቁጥር ይሠራል። ሲጨርሱ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገው ውኃውን ያጥፉ እንጂ አያሹ።

ከብር የተሠራ ሐሰተኛም አለ፤ እሱን ውኃ አይለየውም። እዚያ ላይ ጠርዙ ይናገራል። በማርትሬዛ ጠርዝ ላይ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የእቴጌዪቱ መፈክር ጎልቶ ይነበባል። በቅልጥ የተሠራ ሐሰተኛ ብር ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል፣ ፊደላቱም እንደ ሳሙና የሟሙ ይመስላሉ።

ደረጃ ለማውጣት መላክ ያዋጣኛል?

ለተራ ጠገራ አያዋጣም። ድርጅቶቹ ሳንቲም የሚቀበሉት ከአባል ወይም ከተፈቀደለት ነጋዴ ነው። የምርመራው ክፍያ፣ የመላኪያው፣ የመድኑና የመመለሻው ሲደመር ወጪው ከብሩ ዋጋ በቀላሉ ያልፋል። ደንቤ ይህ ነው፦ ደረጃ የወጣለት ተመሳሳይ ሳንቲም በጨረታ የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጌ፣ ካልታሸገው ጋር ያለው ልዩነት ከጠቅላላ ወጪዬ ሦስት እጥፍ ካልሆነ አልልክም። የ1887 የምኒልክ ብር፣ ያልዞረ አላድ ወይም የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የወርቅ መታሰቢያ ሳንቲም ካለዎት ሒሳቡ ይለወጣል። አውሮፓ ላላችሁ ሳንቲም የግድ ባሕር መሻገር የለበትም፤ ኤንጂሲ ሙኒክ፣ ፒሲጂኤስ ፓሪስ ላይ ቢሮ አላቸው።

ገንዘቤን በሳንቲም ላይ ባውል ከባንክ ይሻለኛል?

ጋዜጦች የሚያወሩትን አይቼ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የ1933 የአሜሪካ 20 ዶላር ወርቅ ኒው ዮርክ ላይ በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ያ ሳንቲም ግን በግለሰብ እጅ እንዲያዝ በሕግ የተፈቀደ የዓይነቱ ብቸኛ ነው። ከእኔና ከእርስዎ ሳጥን ጋር ዝምድና የለውም።

ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ የ1903ቱ የሞርጋን ዶላር ነው፤ ኒው ኦርሊንስ የተቀረጸው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1918 በወጣ ሕግ ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላሮችን ስላቀለጠ ይህኛውም አብሮ የጠፋ መሰለ። በ1962 ያልዞረው በዋጋ መዝገብ 1,500 ዶላር ይጠራ ነበር። በዚያው ዓመት መገባደጃ የግምጃ ቤቱ አሮጌ ከረጢቶች ሲከፈቱ ሳንቲሙ በብዛት ወጣ። ዋጋው ብዙም ሳይቆይ ወደ ጥቂት አሥር ዶላሮች ወረደ። 1,500 ዶላር የከፈለ ሰው ያኔ አዲስ መኪና ሊገዛበት የሚቀርብ ገንዘብ ከፍሏል። ሳንቲሙ አልተቧጨረም፣ ሐሰተኛም አልነበረም። ብርቅነቱ ብቻ ነው የጠፋው።

ሁለተኛው ውድቀት ከማሸጊያው ጋር ይያያዛል። ደረጃ ማውጣት ከተጀመረ በኋላ የዎል ስትሪት ገንዘብ «ሳንቲም አሁን እንደ አክሲዮን ነው» ብሎ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዋጋው ጣሪያ ነካ፣ በ1990 ተንኮታኮተ። የታሸጉ ተራ የሞርጋን ዶላሮች ከሁሉም ይልቅ ተጎዱ፤ የገዙት ሰዎች ቁጥሩን እንጂ ሳንቲሙን አያውቁትም ነበርና።

ከዚህ የተነሣ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሳንቲም ወለድ አይከፍልም፣ ኪራይ አያስገባም። ሲገዙ ለነጋዴው፣ ሲሸጡ ለአጫራቹ ይከፍላሉ፤ እነዚህን ብቻ ለመመለስ ዋጋው ብዙ መጨመር አለበት። የኢትዮጵያ ሳንቲም ደግሞ ገዢው ጥቂት ነው፤ ሁለት ሰዎች ጨረታ ላይ ከተፋጠጡ ሰማይ ይወጣል፣ አንዱ ከቀረ ይወድቃል። ብር ለመያዝ ብቻ ከፈለጉ ጠገራ በክብደቱ ይግዙ፤ የተወለወለም ቢሆን ግድ የለም። ብርቅ ለመያዝ ከፈለጉ አንድ ዘመን ይምረጡ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይገዙ ይመልከቱ፣ ከዚያ ሦስት መካከለኛ ከመግዛት አንድ ጥሩ ይግዙ። ለልጅዎ ትምህርት የያዙትን ገንዘብ ግን እዚህ አያምጡት።

የአክሱም ሳንቲም ቢሸጡልኝ ልግዛ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ አይግዙ። አክሱም በገዛ ስሟ ወርቅ፣ ብርና መዳብ ትቀርጽ የነበረችው ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ነው። በኢዛና ዘመን ከንጉሡ ራስ በላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ወርደው መስቀል ገባ። አንዳንዶቹ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ተጽፏል፤ የትኛውም የዛሬ ገንዘብ እንዲህ ያለ ትሕትና የለውም። በብርና በመዳቡ ላይ መስቀሉ ወይም የንጉሡ ራስ ዙሪያ ብቻ በወርቅ የተለበጠባቸውም አሉ፤ በዚያ ዘመን ሌላ አገር ይህን አልሠራም።

እነዚህ ቅርስ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ እርሻ ወይም ግንባታ ላይ ሳይታሰብ የተገኘም ለቅርስ ባለሥልጣኑ ይነገራል። አክሱም ላይ ልጆች ለጎብኚ የሚያቀርቡት አብዛኛው ሐሰተኛ ነው። እውነተኛው ደግሞ ከሐሰተኛው የባሰ ችግር ነው። የምኒልክ ብርም ቢሆን ይዘው ሊወጡ ካሰቡ ቦሌ ከመድረስዎ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቀው ወረቀት ይያዙ።

በጃንሆይ ዘመን ሳንቲሞች ላይ ለምን ሁሉም 1936 ይላሉ?

ዓመቱ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ስለተቀረጹ ነው፤ የማርትሬዛው ታሪክ በትንሹ ተደገመ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዓይንዎን ክብ ጠርዝ ባለው ባለ 25 ሳንቲም መዳብ ላይ ያድርጉ። መጠኑ ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ስለተመሳሰለ ቶሎ ተሰበሰበ፤ በምትኩ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተከረከመው ወጣ። የተከረከመው ሞልቷል፣ ክቡ ግን በቀላሉ አይገኝም።

የደርግ ዘመን 1969 የሚሉት?

በጣም ብዙ ናቸው። ለልጆች ይስጧቸው፤ ሰብሳቢ የሚሆኑት በዚያ ነው።

አሜሪካ ነው የምኖረው። ግብሩ እንዴት ነው?

የፌዴራሉ ሕግ ሳንቲምን ከመሰብሰቢያ ዕቃዎች ይቆጥረዋል። ከአንድ ዓመት በላይ ይዘው በትርፍ ከሸጡ ግብሩ እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ከአክሲዮን ትርፍ ከፍ ያለ ነው። የገዙበትን ደረሰኝ ይጠብቁ። ብርቅዬ ሳንቲም በጡረታ ሒሳብዎ ውስጥ እናስገባልዎ የሚል ስልክ ከተደወለ ይዝጉት።

እንዴት ላስቀምጣቸው?

በጠንካራ ክብ ፕላስቲክ ወይም በሰብሳቢ ካርቶን፣ እርጥበት በሌለበት። ሱፍ፣ ላስቲክና የጋዜጣ ወረቀት ብር ያጠቁራሉ። ፊቱን በጣት አይንኩ፤ የላብ አሻራ ከዓመት በኋላ ይታያል።

ለማን ልሽጥ?

ተራ ጠገራ ከሆነ የዕለቱን የብር ዋጋ ይዘው ወርቅ ሰሪ ዘንድ ይሂዱ። ክብደቱን አስቀድመው እቤትዎ መዝነው፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ኪስዎ ያኑሩ። ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ያው ብር እዚያም ለዘመናት ሲገበያዩበት እንደኖረ አስታውሱ፤ በሙስካት የመጥራህ ገበያ ብር ሻጮች ማርትሬዛን ከእኛ ባላነሰ ያውቁታል።

የምኒልክ ብር ወይም ከዚያ የተሻለ ነገር ከሆነ ለመጀመሪያው ገዢ አይስጡ። ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን በቀን ብርሃን ፎቶግራፍ አንስተው ለሦስት ሰዎች ያሳዩ። «ዛሬ ካልሸጥክልኝ ነገ አልፈልገውም» የሚል ገዢ ከመጣ፣ ብሩን ወደ ሳጥኑ ይመልሱት። እኔ እንዲህ ካሉኝ ገዢዎች አንዱ በሳምንቱ እጥፍ ጨምሮ ተመልሶ መጥቶ ያውቃል፤ ያን ጊዜም አልሸጥኩለትም።